«ስሙን አይተው አስቀሩት»

ጥያቄው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ረዘም ያለ ነበር፤ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ባለቤቴ ኦሮሞ ነው፤ አገሩ ወደ ከሚሴ ነው። እዚህ ፋብሪካ ከገባ አምስት ዓመት አልፎታል። በቀደም የማታ ሽፍት ጨርሶ ከሁለት የሥራ ጓደኞቹ ጋር ሲመጣ ፍተሻ ላይ አስቆሟቸው። ሦስቱም መታወቂያ ሰጡ። ሁለቱን ‹እለፉ› አሏቸው። የሱን ስም አይተው አስቀሩት። ሦስት ሌሊት ጣቢያ አደረ። ለምን እንደተያዘ የነገረው የለም፤ ፍርድ ቤትም አልቀረበም። በአራተኛው ቀን ‹ሂድ› ብለው ለቀቁት። እሱ ‹ተይው፣ አላህ ያውቃል› ይላል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ውጭ አገር ፖሊስ ጥቁሮችን እየለየ ያስቆማል ሲባል እንሰማለን። የኛስ ምን ይባላል? ምንስ ይደረጋል? ወይስ ዝም ማለት ነው የሚሻለው?»

የፍተሻውን ቦታ፣ የጣቢያውን ስምና ቀኑን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ለመልሱም አያስፈልጉም።

እህቴ፣ መጀመሪያ አብሽሪ። ሰውዬሽ በሰላም ቤቱ ገብቷል፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። «ተይው» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። እኔ ዛሬ ደሴ ላይ ጠበቃ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ለዓመታት ዐቃቤ ሕግ ነበርኩ። ጠረጴዛውን በሁለቱም በኩል ተቀምጬ አይቼዋለሁ። መልሴም ከሁለቱም በኩል ነው።

ሕጉን ቶሎ እንጨርሰው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ ወዲያውኑ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው ይላል። በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ከ48 ሰዓቱ ውጪ የሚታሰበው ከተያዘበት ቦታ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚያስፈልገው የመንገድ ጊዜ ብቻ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ያ መንገድ በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ አንቺ ታውቂዋለሽ። «ቅዳሜና እሁድ ሆኖብን ነው» የምትባለዋ ምክንያት ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለችም። አንቀጽ 25 ደግሞ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው፤ በዘር፣ በብሔር፣ በቋንቋ፣ በሃይማኖት ልዩነት አይደረግበትም ይላል። እንግዲህ ቁጠሪው፦ ምክንያት አልተነገረውም፣ 48 ሰዓቱ አልፏል፣ ከሦስት መታወቂያ የተመረጠው በስሙ ነው። ሦስት ጥሰት በአንድ ሰው ላይ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ጥያቄ አለ። «አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ እኮ ይሄ ሁሉ ይታገዳል» ይሉኛል። ብዙው ሊታገድ ይችላል፤ እኩልነት ግን አይታገድም። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩትን አንቀጾች በቁጥር ዘርዝሯል፤ 25 ከነሱ አንዱ ነው። ኢሰብዓዊ አያያዝን የሚከለክለው 18ም እዚያው አለ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 አዋጁ ሲታወጅ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ከእጅ ወጥተው ነበር። ያን ሰሞን እዚህ የነበረ ሰው ፍርሃቱን አይረሳውም። በዚያ ጊዜም ቢሆን የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን አዲስ አበባ ውስጥ የሚካሄደው እስር ብሔርን መሠረት ያደረገ እንደሚመስልና እንደሚያሳስበው በይፋ ተናግሯል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 በክልላችን ሌላ አዋጅ ሲመጣም አንቀጽ 93 እንደነበረ ነበር። «ጊዜው ነው» የሚለው ማስተባበያ ለሰዓት እላፊ ሊያገለግል ይችላል። ሰውን በስሙ ለመለየት ግን በየትኛውም ጊዜ አያገለግልም።

ሕጉ ይሄን ያህል ግልጽ ከሆነ ታዲያ ችግሩ የት ነው?

ዐቃቤ ሕግ ሳለሁ በየቀኑ የፖሊስ መዝገብ አነብ ነበር። አንዲት ዐረፍተ ነገር እየተደጋገመች ትመጣለች፦ «በአጠራጣሪ ሁኔታ ሲንቀሳቀስ የተገኘ»። መጀመሪያ አካባቢ ዝም ብዬ አልፋት ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱን መርማሪ ጠራሁትና «ምን ሲያደርግ ነው ያጠራጠረው?» አልኩት።

«ሲሄድ።»

«ወዴት?»

«ወደ መናኸሪያ።»

«ወደ መናኸሪያ መሄድ ምኑ ያጠራጥራል?»

ትንሽ ዝም አለና «ጌታዬ፣ የዚህ አገር ሰው አይደለማ» አለኝ።

በክፋት አላለውም። እንዲያውም ደግ ሰው ነበር፤ ለእስረኞች ከኪሱ ዳቦ ሲገዛ አይቼዋለሁ። ለሱ ይሄ በቂ መልስ ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ፍተሻ ላይ ሁለት ጥያቄ አለ። አንዱ «ምን አደረግህ?» ነው፤ ሌላው «ማን ነህ?» ነው። ሕጉ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 51 ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ መያዝ የሚችለው ቢያንስ አንድ ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ፈጽሟል ወይም ሊፈጽም ነው ተብሎ በሚገባ የተጠረጠረን ሰው ነው ይላል። ሌሎችም ሁኔታዎች ተዘርዝረዋል። «አገሩ ሌላ የሆነ» የሚል ግን የለም። ባለቤትሽ የተጠየቀው ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። መልሱ ደግሞ መታወቂያው ላይ ተጽፎ ነበር፤ አፉን መክፈት እንኳ አላስፈለገውም።

ወደ ጠየቅሽው ውጭ አገር እንሂድ፤ የሚጠቅመን ነገር አለ።

እ.ኤ.አ. በ1993 (የውጭውን ታሪክ ዓመት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ለንደን ውስጥ ስቴፈን ሎውረንስ የሚባል የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት አውቶቡስ ሊሳፈር ቆሞ ሳለ ነጭ ወጣቶች በስለት ወግተው ገደሉት። ፖሊስ ምርመራውን አበላሸው። አብሮት የነበረውን ጓደኛውን እንኳ እንደ ተጎጂ ከማየት በጥርጣሬ ዓይን አዩት። እናትና አባቱ ዓመታት ተሟገቱ። በመጨረሻ ዊሊያም ማክፈርሰን በተባሉ ጡረታ የወጡ ዳኛ የተመራ ምርመራ በ1999 ውጤቱን አወጣ፤ የለንደን ፖሊስ ውስጥ «ተቋማዊ ዘረኝነት» አለ አለ። ከገዳዮቹ ሁለቱ የተፈረደባቸው በ2012 ነው። ወላጆቹ 18 ዓመት ከመንፈቅ በላይ ጠብቀዋል ማለት ነው።

«ተቋማዊ» የምትለዋ ቃል ትልቅ ሥራ ሠርታለች። ከዚያ በፊት ክርክሩ «ፖሊሱ በልቡ ጥቁር ይጠላል ወይስ አይጠላም?» የሚል ነበር። የሰው ልብ ደግሞ አይመረመርም። ሪፖርቱ ክርክሩን ከልብ አውጥቶ ወደ ሥራው አመጣው። መሥሪያ ቤቱ ማንም ሳያስበው፣ በልማድና በግምት፣ አንዱን ወገን የሚጎዳ አሠራር ሊኖረው ይችላል አለ። እኔ ስለዚያ ዳቦ ገዢ መርማሪ ለማሰብ ቃል ያገኘሁት ከዚህ ነው።

ኒው ዮርክ ደግሞ የቁጥር ትምህርት ሰጥታለች። በ2011 ብቻ የከተማዋ ፖሊስ ከ685,000 ጊዜ በላይ ሰው መንገድ ላይ አስቁሟል። ከአስሩ ዘጠኙ ገደማ ምንም ሳይገኝበት ተለቀቀ። አብዛኞቹ ጥቁሮችና ላቲኖዎች፣ ማለትም ዘራቸው ከላቲን አሜሪካ የሆነ፣ ነበሩ። በ2013 ሺራ ሸንድሊን የተባለች የፌዴራል ዳኛ አሠራሩ ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብላ ፈረደች። በ2014 የሚቆመው ሰው ከ50,000 በታች ወረደ። «ወንጀል ይፈነዳል» የተባለውም አልሆነም። ይሄ ሁሉ ቁጥር ከየት መጣ? ከፖሊስ ከራሱ። እያንዳንዱ ፖሊስ ሰው ባስቆመ ቁጥር ፎርም መሙላት ነበረበት። ፎርሙ ባይኖር ኖሮ ዳኛዋ የምትቆጥረው ነገር አይኖራትም ነበር።

አንድ ልጨምርና እመለሳለሁ። ዴቪድ ላሚ የተባለ የእንግሊዝ የፓርላማ አባል በ2017 የአገሩን የወንጀል ፍትሕ ከክስ እስከ ማረሚያ ቤት መርምሮ ነበር። ልዩነት በብዙ ቦታ አገኘ። ካላገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ግን ይሄ ነው፦ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ተቀምጠው ጥፋተኛ ነው አይደለም የሚሉበት ቦታ። ለምን ቢባል ብዙ ሆነው፣ ተከራክረው፣ ማስረጃ አይተው ነው የሚወስኑት። አድልዎ ብቻውን የሚወስን ሰው ይወዳል። ማንም የማያየው ቦታ ይወዳል። ባለቤትሽ የተያዘበትን ሰዓት አስቢው። ሌሊት ነው፣ አንድ ፖሊስ፣ አንድ የእጅ ባትሪ፣ መታወቂያ ላይ ያረፈ ብርሃን። ውሳኔው አሥር ሰከንድ አልፈጀም። የትም አልተጻፈም።

«የኛስ ምን ይባላል?» ላልሽው፣ ስሙ ብዙም አያስጨንቀኝም። እነሱ ጋ የሚታየው ቆዳ ነው። እኛ ጋ ቆዳችን አንድ ስለሆነ የሚታየው ስም ነው፣ አነጋገር ነው፣ መታወቂያው የወጣበት ወረዳ ነው። ሥራው ግን ያው ነው። ደግሞ አንድ ወገን ብቻ የሚደርስበት አይምሰልሽ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ሐይቅ ከተማ አካባቢ መጠለያ የገባ አንድ አባወራ ቢሮዬ መጥቶ ነበር። እዚያ «አማራ ነህ» ተብሎ ከቤቱ ወጥቷል። እዚህ መጥቶ ፍተሻ ላይ ሲቆም ደግሞ መታወቂያው የኦሮሚያ ነው፤ አማርኛውም የወለጋ አማርኛ ነው፤ ሁለት ሌሊት አደረ። «እንግዲህ የት ልሂድ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ቡና አዘዝኩለት።

ይሄ ደግሞ ወሎ ውስጥ ሲሆን ያሳፍረኛል። ንጉሥ ሚካኤል እዚህ ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም ታውቂዋለሽ፤ «አይጠየፍ» ነው። ማንም መጥቶ የሚበላበት ነበር ይባላል። እኛም በዚህ ስም እንኮራለን፤ ለእንግዳም እናወራለን። ሌሊት መንገድ ላይ ግን እንጠየፋለን።

ብዙ ሰው የማያየውን አንድ ነገር ላሳይሽ፤ እኔን ከፍተሻው ይልቅ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ሰው ከተያዘ በኋላ ቃሉን ይሰጣል። መርማሪው በአማርኛ ይጽፋል። ከወረቀቱ ግርጌ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መዝጊያ አለ፦ «ቃሌ ተነቦልኝ ትክክል በመሆኑ ፈርሜያለሁ»። ፊርማ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ያትማል። አንድ ከባቲ በኩል የመጣ ልጅ በተሰረቀ ስልክ ተይዞ ነበር። አማርኛው «ደህና ነህ» እና «ስንት ነው» ላይ ያበቃል። ያስተረጎመለት ሌላ ጉዳይ ይዞ ጣቢያ የመጣ መንገደኛ ነው። ወረቀቱ ላይ «ስልኩን ወሰድኩ» ይላል። ልጁን በኦሮምኛ ሳናግረው፣ ኦሮምኛዬ ደግሞ የሰኞ ገበያ ኦሮምኛ ነው፣ ያለው ቃል «ፉዸዼ» መሆኑ ገባኝ። ፉዸዼ «ወሰድኩ» ይሆናል፤ «ተቀበልኩ»ም ይሆናል። ልጁ «ከአንድ ሰው ተቀበልኩ» ነው ያለው፤ ልጁ ለሰውየው ገንዘብ አበድሮ፣ ሰውየው ስልኩን በመያዣ ሰጥቶት ነበር። በአንድ ቃል መያዣ ተቀባይ የነበረው ሌባ ሆነ። ከግርጌ አውራ ጣቱ አለ፤ ሰማያዊ፣ ጥርት ያለ፣ መስመሩ ሁሉ የሚቆጠር። ተነቦልኝ ይላል። በምን ቋንቋ እንደተነበበለት አይልም።

ያስተረጎመውን መንገደኛ አልወቅሰውም፤ ሊረዳ ነው የገባው። ግን ኮምቦልቻን አስቢያት። ወደ ደቡብ ብትወጪ ሐርቡ፣ ከዚያ ከሚሴ ነው። ወደ ምሥራቅ ባቲ ነው፤ ቁልቁል ብትወርጂ ሚሌና አፋር። አርጎባው አለ። የጅቡቲ መኪና ረዳት ሁሉ እዚህ ያድራል። እንዲህ ያለ መስቀለኛ ከተማ ውስጥ የኦሮምኛና የአፋርኛ አስተርጓሚ ስም ዝርዝር በየጣቢያው ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ምን ይከብዳል? የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 27 ቋንቋ ለማይችል ተጠርጣሪ አስተርጓሚ ይሰጠው ይላል። ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ይገባዋል ይላል። ችግሩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ወረቀቱ ቀድሞ መታተሙ ነው።

ዋስትናም እንዲሁ ነው። እዚያ ላይ ማንም ማንንም አይሰድብም፤ ልዩነቱ በጨዋነት ነው የሚገባው። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 67 ዋስትና የሚከለከልባቸውን ምክንያቶች ዘርዝሯል፦ ግዴታውን ላያከብር ይችላል፣ ሌላ ወንጀል ሊፈጽም ይችላል፣ ምስክር ሊያባብል ወይም ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። «የሌላ አካባቢ ሰው ነው» የሚል የለም። ታዲያ ፖሊሱ ተነስቶ «ቋሚ አድራሻ የለውም፣ ከወጣ አናገኘውም» ይላል። አድራሻ የሌለው ለምንድን ነው? የፋብሪካ ልጆች አራት አምስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ ውል የለ፣ የቀበሌ መታወቂያ የለ። የተፈቀደለት እንኳ «የከተማው ነዋሪ የሆነ ዋስ አምጣ» ይባላል። እዚሁ ደሴ ሙጋድ ሰፈር ያደገ ልጅ ቢያዝ አጎቱ በግማሽ ሰዓት ይደርሳል። ከሩቅ የመጣው ዋስ ፍለጋ ስልክ ሲደውል ሳምንት ያልፋል። ወንጀሉ አንድ፣ ዳኛው አንድ፣ እስሩ ግን ሁለት ዓይነት። ስለዚህ ባለቤትሽ የፋብሪካ መታወቂያውን፣ የደመወዝ ማስረጃውንና የኪራይ ውሉን ፎቶ ኮፒ አድርጎ አንቺ ጋ ያስቀምጥ። ውል ከሌላችሁ አከራያችሁን ለምናችሁ አጽፉ። ይሄ ሕግ ያላዘዘው ጣጣ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይሠራል።

ለፖሊሱም ልናገር፣ ቃል ገብቻለሁና። ሌሊት ኬላ ላይ የሚቆመው ልጅ ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ጓደኛው የሞተበት ሊሆን ይችላል፣ ተረኛ ሲሆን የሚነገረው «ጠንቀቅ በሉ» የሚል ብቻ ነው። ማንን? ምን ያደረገን? ምን የለበሰን? አይነገረውም። ባዶውን ትእዛዝ በራሱ ግምት ይሞላዋል። ግምቱ ደግሞ ሰፈሩ የሰጠው ነው። ነዋሪውም አለበት፤ «እነዛ ሰዎች ግቢው ውስጥ ይሰበሰባሉ» ብሎ ቀበሌ የሚደውለው እኮ ጎረቤት ነው። በዚያ ላይ ስም ሲያነብ ያደረ ፖሊስ እጅ አያይም። «ትክክለኛ» ስም ያለው ሌባ ሰላምታ ሰጥቶ ያልፋል። የተዋረደው ሰው ደግሞ ነገ ምስክር ሁን ሲባል አይመጣም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ሐረጎ ላይ መኪና ሲዘረፍ ያየ ሰው ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ? እኔ ብጠየቅ ከስልጠናና ከስብሰባ በፊት አንድ ደብተር ነው የምለምነው። በየፍተሻው ላይ የሚቀመጥ ተራ ደብተር። ሰው ያስቆመ ሳይሆን ሰው ያስቀረ ፖሊስ አራት ነገር ይጻፍ፦ ሰዓቱን፣ ምን ሲያደርግ እንዳየው፣ ምን እንደተገኘበት፣ የት እንደተላከ። ለተያዘውም ቁራጭ ወረቀት ይስጠው። እንግሊዞች በ1984 ባወጡት ሕግ መሠረት ፍተሻን ይመዘግባሉ፤ የተፈተሸውም ከጠየቀ ቅጂ ይሰጡታል። መመሪያቸውም ዘር ብቻውን የጥርጣሬ ምክንያት መሆን አይችልም ይላል። ደብተሩ ፖሊሱን መልአክ አያደርገውም። ግን «ምን ሲያደርግ አየኸው?» የሚለው ባዶ ቦታ ፊቱ ሲቀመጥ «የዚህ አገር ሰው አይደለማ» ብሎ መጻፍ ይከብደዋል። ሰው የሚያፍረው ሲጽፍ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ከውጭዎቹም ከአንዳንድ ባልደረቦቼም እለያለሁ። እነሱ የተፈተሸውን ሰው ዘር ጭምር ይመዘግባሉ፤ ካልተቆጠረ አይታወቅም ይላሉ። ለነሱ ልክ ነው። እኛ ጋ ግን «ብሔር» የሚል መስመር ያለው የፖሊስ ደብተር ቢዘጋጅ እኔ ቀድሜ እቃወማለሁ። እንዲህ ያለ ዝርዝር ነገ በማን እጅ እንደሚገባ አይታወቅም። የቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረው ያ መስመር ምን እንዳስከተለ አይተናል። አዲሱ ፋይዳ ላይ መስመሩ የለም፤ ጥሩ ነው። ስም ግን አለ፤ ስሙን ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ይመዝገብ የምለው ያስያዘው ምክንያትና የተናገረው ቋንቋ ነው። ምክንያቱ ባዶ የሆነ ገጽ ሲበዛ ኃላፊው ያየዋል። ቋንቋው ደግሞ አስተርጓሚ ለመጥራት ይጠቅማል። ያልኩት ፍጹም አይደለም፤ የሚበልጥ ሐሳብ ያለው ይምጣ።

አሁን ወደ እናንተ ቤት። ዛሬ ማታ ቁጭ በሉና ይጻፈው። ሳይረሳ። የተያዘበት ሰዓት፣ ስንት ፖሊስ ነበር፣ ምን አሉት፣ የትኛው ክፍል አደረ፣ ማን አብሮት ነበር፣ በስንት ሰዓት ተለቀቀ። ስልክሽ ላይ ጣቢያ ምግብ ስታመላልሺ የደወልሽባቸው ሰዓቶች አሉ፤ አታጥፊያቸው። ተመትቶ ከሆነ ሐኪም ቤት ሄዶ ማስረጃ ያውጣ፤ ቁስል ይድናል፣ ወረቀት ግን ይቀራል። የወንጀል ሕጉ ቁጥር 423 ከሕግ ውጪ ሰው ያሰረን የመንግሥት ሠራተኛ ይቀጣል፤ 424 ደግሞ በምርመራ ላይ የሚፈጸም ድብደባና ማስፈራራትን ይመለከታል። አቤቱታው መጀመሪያ ለጣቢያው የበላይ፣ ቀጥሎ ለዐቃቤ ሕግ ይሂድ። ቅጂው ለሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ይላክ። እንባ ጠባቂም አለ። ሁሉም ቦታ ስትሰጪ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም ያለበትን ቅጂሽን ይዘሽ ውጪ። ገንዘብ ከቸገራችሁ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት አሠራር አለ፤ እዚህ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ጠይቁ።

አያድርገውና ሌላ ጊዜ ቢያዝ፣ 48 ሰዓቱ ካለፈ ጣቢያ በር ላይ አትቀመጪ። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 መሠረት «አካልን ነፃ ማውጣት» የሚባል አቤቱታ አለ። ታሳሪው ራሱ ባይችል ሌላ ሰው ሊያቀርብለት ይችላል። ፍርድ ቤቱ ያሰረውን ክፍል «ሰውየውን ይዘህ ቅረብ፣ በምን ሕግ እንዳሰርክ ተናገር» ብሎ ያዛል። ብዙ ጊዜ ያየሁት መጥሪያው በደረሰ ዕለት ማታ ሰውየው ሲለቀቅ ነው።

ዝም ማለት ይሻላል ወይ ላልሽው፣ እውነቱን ልንገርሽ። አቤት ማለት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። ነገም በዚያው መንገድ ነው ወደ ሥራ የሚሄደው። ውሳኔው የሱ ነው፤ የታሰረው እሱ ነው። አንቺ አትገፊው፤ እኔም አልገፋውም። ከወሰነ ግን የሚያስፈልጉት ምስክሮች ቅርብ ናቸው። እነዚያ «እለፉ» የተባሉት ሁለት ጓደኞቹ። በአንድ ሽፍት ወጥተዋል፣ በአንድ መንገድ መጥተዋል፣ አንድ ዓይነት የሥራ ልብስ ለብሰዋል፣ በአንድ ባትሪ ታይተዋል። የተለየው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይሄን ከነሱ በላይ የሚናገር የለም፤ ከሱ አፍ ሲወጣ ቅሬታ ነው፣ ከነሱ አፍ ሲወጣ ማስረጃ ነው። ያን ሌሊት ጥለውት ስለሄዱ ደግሞ ያፈሩ ይመስለኛል፤ ሰላም ማለት ከቀነሱ ምክንያቱ እሱ ይሆናል። ሁለቱንም ቡና ጥሪያቸው። ከመጡ፣ ካወሩና «እንመሰክራለን» ካሉ ደውይልኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሮ አለሁ።